የቢራራ ትርጓሜ

አባቴ ጃፓንኛ እንደሚያውቅ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ ተጠራጥሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት የአባታችሁን ሥራ ተናገሩ ስንባል "ሹፌር ነው፤ ጃፓንኛም ይችላል" እል ነበር። ልጆቹ ይስቁብኛል። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምናገረው፤ እኔ ብቻም አይደለሁም፣ ሻይ ቤት ሙሉ ሰው አብሮኝ ሰምቷል።

ሻይ ቤቱ የእናቴ ነው። ደባርቅ መነኻሪያው አጠገብ፤ ከፊት ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከኋላ እኛ የምንተኛበት ክፍል፣ ሁለቱን የሚለየው አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ። ጊዜው ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። አባቴ አለምነህ ከመጋረጃው ኋላ አልጋ ላይ መዋል ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፏል።

ሕመሙ ምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ እናቴ ደጃፉ ላይ ትጠብቅና በሹክሹክታ "አደራችሁን፣ ሊማሊሞን እንዳታነሡበት" ትላለች። ሊማሊሞ ከከተማችን በስተሰሜን እየተጠማዘዘ ቁልቁል የሚወርደው የገደል መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲህ አንድ ጊዜ አንሥተው ጥለውበታል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ገደል የተጣለበት ሰው ደግሞ አልጋ ላይ ቢውል ምን ይገርማል? ሌላ ቀን ለጎረቤት ስታወራ "አካሉ መጣ እንጂ ሰውዬውስ እዚያው ነው የቀረ" ስትል ሰማኋት። ይኼኛው ከበደኝ። አንድ አባት እዚህ፣ ሌላ አባት እዚያ ገደሉ ጋ። ለእኛ የደረሰን ዝምተኛው ነው።

ማዕረግም አልነበረም። ማዕረግ የአባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ሲመጣ ከኋላዬ ተደብቆ ጸጉሬን የሚጎትት፣ እኔ ስዞር ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ። "ማዕረግ የት ሄደ?" ስላት እናቴ ፊቷን አዙራ "ወደማይቀርበት ሄደ" አለችኝ። የማይቀርበት ነገር ሠርግ ነው፤ የማይቀርበት ነገር ክርስትና ነው። ድግሱ ረዘመ እንጂ ሲያልቅ ይመጣል ብዬ ተውኩት።

በዚህ መሐል ነው ቢራራ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ የመጣው።

ቢራራ የአባቴ ባልንጀራ ነው፤ ተራራውን ለሚጎበኙ እንግዶች ምግብ አብሳይ ሆኖ የኖረ፣ ረጅም፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው። በወጣትነቱ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያጠኑ ለመጡ ጃፓኖች እያበሰለ ተራራ ላይ ከርሟል ይባላል፤ በዚህ የተነሣ ከተማው "ጃፓንኛ የሚችለው" ይለዋል። በዚያ ዓመት ሒሳብ ታስተምር የነበረች አንዲት ጃፓናዊት ወደ አገሯ ስትመለስ ቴሌቪዥኗን፣ ማጫወቻዋንና አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ለሱ ትታለት ሄደች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ሲበተን፣ መብራት ካለ፣ እናቴ ሻይ ቤት ይታያል ተባለ።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው አንድ ተከታታይ ካርቱን ነው። ስሙ በጃፓን ፊደል ስለተጻፈ ማንበብ የቻለ የለም፤ እኛው "ተመላሾቹ" አልነው። ቢጫ ባቡር አለ። ባቡሩ የኋሊት ሲነዳ በመስኮቱ የሚታየው ዘመንም የኋሊት ይሄዳል፤ ሽማግሌው ጎልማሳ ይሆናል፣ ዋርካ የሚያህለው ዛፍ ወደ ችግኝ ይመለሳል፣ የወረደው በረዶ መሬቱን ለቆ ወደ ሰማይ ይወጣል። ባቡሩን የሚነዳው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። አጠገቡ ቀይ ሻርፕ ያደረገ ልጅ ይቀመጣል። ያ ወደ ላይ የሚወጣ በረዶ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

ቢራራ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይተረጉማል። መነጽራሙ "ሐይ!" ሲል ቢራራ "አዎ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዳልከው ነው፤ ግን መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ዝናቡም ሌሊቱን ሲጥል አድሯል፣ እንግዲህ የላይኛው ያውቃል" ይላል።

"ጋሼ ቢራራ፣ እሱ ያለው አንድ ቃል፣ አንተ ያልኸው ብዙ!" አልኩት አንድ ቀን።

"ጃፓንኛ እንደ ቅኔ ነው፣ ሲፈታ ይረዝማል" አለኝ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

አሁን ጎንደር ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የፊልም ግምገማ አቀርባለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባዬ "የድሮ ነው፣ ስለ ጊዜ ጉዞ ነው፣ ይመችሻል" ብሎ በፍላሽ አንድ ተከታታይ ሰጠኝ። ቢጫው ባቡር ብቅ ሲል ከወንበሬ ተነሣሁ። ይኼኛው ከሥሩ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበረው። እናም አወቅኩ፦ መነጽራሙ የሚፈልገው እናቱ በልጅነቷ ወደዚያች ከተማ የገባችበትን ቀን ነው። ቀይ ሻርፕ ያደረገው ልጅ አጎቱ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው የሚሞት ሰው የለም።

በቢራራ ትርጓሜ ግን ልጁ ሞቷል። ባቡሩ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት፣ አጠገቡ የነበረው ልጅ ሞቶ፣ ነጂው ያቺን ቀን ለማቃናት ወደ ኋላ ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር ያገኛል፤ አንድ ቀን የፍሬኑ ላስቲክ፣ አንድ ቀን ጭቃው፣ አንድ ቀን ጭነቱን አብዝተው የጫኑት ሰዎች። "አየኸው ወንድሜ? ያንተ አይደለም!" ይላል ቢራራ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ለምን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ወደ መጋረጃው እያየ እንደሚናገር ግራ ይገባኝ ነበር።

ከመታየቱ በፊት እሱና እናቴ ምድጃው ጋ ይንሾካሾካሉ።

"ዛሬስ እስከ የት ታደርሰዋለህ?" ትለዋለች።

"እስከ ድልድዩ።"

"ቀስ በል እንግዲህ። ያለፈው ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶታል።"

"ይሰማል ግን?"

"ይሰማል። ትራሱን ወደ መጋረጃው አዙሯል።"

ስለ መነጽራሙ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። ምስኪን፣ እንቅልፍ አጥቷል፣ ለካ እሱም መጋረጃ አለው፣ ብዬ አዘንኩለት።

ከተመልካቾቹ ሁሉ ግራ የምታጋባኝ እትዬ ወለተ ሥላሴ ነበረች። ከዳባት በኩል ነጭ ሽንኩርት ይዛ ለገበያ የምትመጣ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ለባሽ ሴት። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ስትገባ እናቴ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ ትቆማለች። ወለተ ሥላሴ ሰው ሲስቅ አትስቅም፣ ሲደነግጥ አትደነግጥም። ቀይ ሻርፕ ያደረገው ልጅ አፉን ሲከፍት ግን አንገቷን ቀና ታደርጋለች።

"ልጁ ምን አለ?" ትላለች።

ቢራራ፣ ያ ወሬ የማያልቅበት ቢራራ፣ ያን ጊዜ ይንተባተባል። "እ... እናቴ ትናፍቀኛለች አለ" ይላል፤ ወይም "ራበኝ አለ።" ሴትዮዋ አንገቷን መልሳ ትደፋለች። ጆሮዋን የሚያማት፣ ካርቱን የምትወድ ሴት አድርጌ ነበር የያዝኳት። የማዕረግ እናት መሆኗን የነገረኝ አልነበረም።

ወሬው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እናቴ ቤት አስማት ይታያል፣ ሙታን ይመለሳሉ ተባለ መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ሊያጣሩ መጡ። ከፊት ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው መቋሚያቸውን ለጎረቤታቸው አስይዘው ወደ ፊት ሳብ አሉ። ሲያልቅ "ደግሞ መቼ ነው የሚቀጥል?" ብለው ጠየቁ። ሲወጡ ተከተልኳቸው።

"የኔታ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል?"

ቆም ብለው አዩኝ። "ለምን ፈለግሽው?"

"ለአባቴ።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። "ለንጉሥ ሕዝቅያስ ጥላው ዐሥር ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶለታል፤ ተጽፏል። ነገር ግን ልብ በዪ፣ ጥላው ይመለስ እንጂ የተጨመረለት ዕድሜ የፊቱ ነው። የኋላው አይደለም።"

እኔ የሰማሁት "ተመልሶለታል" የሚለውን ብቻ ነው። እየሮጥኩ ገባሁና ጭንቅላቴን ከመጋረጃው ሥር አሾልኬ "አባባ፣ ይመለሳል! የኔታ ተጽፏል ብለዋል!" አልኩት። አልጋው ብቻ ሲንቋቋ ሰማሁ።

የድልድዩ ቅዳሜ መጣ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ መሪጌታም አሉ፣ ወለተ ሥላሴም ግድግዳዋ ጋ ናት። ባቡሩ ድልድይ ላይ ቆሟል፣ በረዶ ይጥላል፣ መነጽራሙና ልጁ ወርደው ይጯጯሃሉ። ልጁ እጁን ያወናጭፋል። መነጽራሙ ወደ ባቡሩ ይጠቁማል። ቢራራ ሞቅ ብሎት ነበር፤ ከተማው የሚያወራው አፉ ላይ መጣበት።

"ልጁ ፍሬኑ እምቢ ሲል ባየ ጊዜ ነፍሱ ከሥጋው ልትለይ ደረሰች! ደነገጠ! ነጂው 'ቁጭ በል' እያለ ሲጮህ፣ እሱ በፍርሃት በሩን በርግዶ..."

"ውሸት ነው።"

ድምፁ ከመጋረጃው ኋላ ነው። መጋረጃው ተከፈተና አባቴ ወጣ። ጋቢ ለብሷል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፣ የብዙ ሰዎች ዓይን አላስደነገጠውም። ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ ቆመ።

"እንዲህ አላለም" አለ።

ቢራራ ከበርጩማው ተነሣ። "እህ... ምን አለ ታዲያ?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ካርቱኖቹ ይጮሃሉ፣ እሱ በላያቸው ላይ በቀስታ ይናገራል። "ነጂው ነው ያዘዘው። ፍሬኑ አልያዝ ሲል ማርሽ ቀነሰ፤ ማርሹም አልገባ አለ። መታጠፊያው ቀርቧል። መኪናው ገደል እንደሚገባ እርግጠኛ ነበር። 'ማዕረግ፣ ዝለል!' አልሁት። በሩን ከፈተው። አልዘለለም። ዞሮ አየኝ።"

"ነጂው" ብሎ ጀምሮ "አልሁት" ማለቱ አልገረመኝም፤ ቢራራም ሲተረጉም አንዳንዴ "እኔ" ይል ነበር። ለካ ቀይ ሻርፕ ያደረገውም ልጅ ስሙ ማዕረግ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ወለተ ሥላሴ ቆማለች። "ልጁ ምን አለ?"

አባቴ ከቴሌቪዥኑ ወደሷ ዞረ። "'ጋሼ፣ አንተስ?' አለኝ።"

"ድገመው።"

"'ጋሼ፣ አንተስ?' አለኝ። 'ዝለል ብያለሁ!' ብዬ ጮህሁበት። የዚያን ጊዜ ዘለለ። መኪናው ትንሽ ሄደና በመንገዱ ዳር የተቆረጠውን አፈር ተደግፎ ቆመ። ቆመ፣ እትዬ! እኔን ሳይጭረኝ ቆመ። አጠገቤ ቢቀመጥ ኖሮ..."

"ፈርቶ አይደለም የዘለለ?"

"ታዞ ነው የዘለለ።"

እኔ ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። ከወንበሩ ላይ ተነሥቼ "አባቴ ጃፓንኛ ይችላል!" ብዬ ጮህኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ የሳቀም ያጨበጨበም የለም። እናቴ በሁለት እጆቿ አፏን ይዛለች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ወለተ ሥላሴ ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። "ልጄ ነው" አለች ከውስጥ። "አንተስ ሳይል ጉርሻ እንኳ አይቀበልም ነበር። ይኼ የኔ ልጅ ነው።" ወዲያው ነጠላውን ገለጠችውና ድምፏ ተለወጠ። "ሁለት ክረምት! ልጅሽ ፈርቶ ሞተ እያሉ፣ በገበያ እየጠቆሙብኝ፣ ሁለት ክረምት አንተ እዚህ ጨርቅ ኋላ ተኝተህ ነበር?"

"ነበርሁ" አለ አባቴ።

"እኔ እዚህ እየተቀመጥሁ! ዛሬ ይወጣል፣ ዛሬ ይነግረኛል እያልሁ!"

"ድምፅሽን እሰማው ነበር። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።"

ቴሌቪዥኑን ያጠፋው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ወለተ ሥላሴ የሽንኩርት ዘንቢሏን አንሥታ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ዞር ሳትል "ቦታውን ታሳየኛለህ" አለችው።

በሳምንቱ ወደ ሽሬ በሚሄደው አውቶቡስ ሄድን፤ አባቴ፣ ወለተ ሥላሴና እኔ። እናቴ እኔን አብራ የላከችው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ልጅ የያዘ ሰው ራሱን ወደ ገደል አይሰድም። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነው። ሌላኛውን አባቴን ልናመጣ ነው። ማዕረግንም። ለማዕረግ ብዬ ኪሴ ውስጥ ቆሎ ይዤ ነበር።

ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ አወረደን። ደመናው ከእግራችን በታች ነው። ጦስኝ ይሸታል። ከበላያችን ጭላዶች ሣር እየነጩ ይንጫጫሉ። አባቴ እጄን ያዘ። "እዚህ ላይ ነው ዝለል ያልሁት" አለ። ጥቂት ሄድን። "እዚህ ወደቀ።" ጥቂት ሄድን። "እዚህ ቆመ መኪናው።" ወለተ ሥላሴ ወደ ኋላ አየች፣ ወደ ፊት አየች። "ቅርብ ነው ለካ" አለች።

እኔ በየድንጋዩ ኋላ እያየሁ ነበር። ማንም የለም። "ሌላኛው አባቴ የታለ?" አልኩ በመጨረሻ። "ማዕረግስ? ድግሱ አላለቀም?"

ሁለቱም አዩኝ። መልሱን የሰጠችኝ ወለተ ሥላሴ ናት፤ ቁጢጥ ብላ፣ ትከሻዬን ይዛ። "ማዕረግ ሞቷል፣ ልጄ። አይመጣም። እኛ ነን የመጣን።"

"ሞቷል" የሚለውን ቃል ስለሱ ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። ቆሎውን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። አባቴ መንገዱ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ፤ ጮክ ብሎ፣ እንደ ሕፃን። እሷ አላባበለችውም። ቆማ ጠበቀችው፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት።

"ተነሣ፣ አውቶቡሱ ይመለሳል፣ ያልፈናል።"

ነገሩ በዚያ አልተጠናቀቀም፤ ይቅርታም በአንድ ቀን አልመጣም። ወለተ ሥላሴ አንድ ዓመት ሙሉ ሻይ ቤታችንን አልረገጠችም። ያን ቃል ግን በዳባት ገበያና በደብሯ ያልነገረችው ሰው አልነበረም፦ "ልጄ 'አንተስ?' ብሎ ነው የሞተው።" አባቴ መጀመሪያ የሰው መኪና ማጠብ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጎንደር ድረስ መንዳት። ከአደጋው በኋላ ግን ሊማሊሞን ጭኖ ወርዶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ወለተ ሥላሴ ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ ገባች፣ እናቴ ቆመች፣ እሷም "ተቀመጪ እባክሽ፣ ብርሃኔ፣ ሰለቸኝ ይኼ መቆምሽ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ የቤት ሰው ሆነች። ስለ ጃፓንኛው እውነቱን ያወጣችልኝም እሷ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ለእንግዳ ስኩራራ ሰምታ። "ጃፓንኛ! አባትሽ ዕድሜውን ሽሬ ተመላልሶ ትግርኛውን እንኳ በቅጡ አልያዘ!" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥላ ቁጭ አድርጋ ሁሉንም ነገረችኝ።

ተከታታዩን በፍላሽ ካየሁ በኋላ ግምገማዬን ከመጻፌ በፊት ተራራው ላይ ቡይት ራስ ወጥቼ ቢራራን አገኘሁት። አርጅቷል፣ ገብሱን ጭላዳ እንዳይበላበት ይጠብቃል።

"ጃፓንኛ ምን ያህል ነበር የምታውቀው?" አልኩት።

"ሩዝ። ውሃ። ጨው ጨምር። ቆይ፣ ትኩስ ነው።" ሳቀ። "እንደማልችል አባትሽም ያውቅ ነበር እኮ፤ ያን ጊዜ ስንቁን ተራራ ሥር የሚያደርስልን እሱ ነበር። ውሸቴን እያወቀ ነው የሰማኝ። እኔም ለመጋረጃው ነበር የምተረጉም።"

"ካልተናገረስ ብለህ አልፈራህም?"

"ፈርቻለሁ። ግን ሰው እውነቱን ከሚጠይቁት ይልቅ ፊቱ ላይ ሲያበላሹበት ቶሎ ይነሣል።" ቀጥሎም "መጨረሻውስ እንዴት ሆነ? እኛ ድልድዩ ላይ ነው ያቆምን" አለኝ።

ነገርኩት፦ መነጽራሙ እናቱን ከሩቅ አያት፣ አላናገራትም፣ ባቡሩን ትቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ቢራራ አገጩን እያሻሸ አሰበበት።

"ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዝም ብለው ያዩታል? አቋርጦ የሚናገር አንድም ሰው የለም?"

"ፊልም ነው እኮ፣ ማን ያቋርጣል?"

"እንግዲያው ይጎድለዋል" አለ። "ይጎድለዋል ብለሽ ጻፊ።"

ግምገማው ቅዳሜ ተላለፈ። ሥዕሉን አመሰገንኩ፣ መሐሉ ላይ ይንዛዛል አልኩ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ታሪክ ባጭሩ ተናገርኩ። ከስቱዲዮ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው፤ ደባርቅ ላይ ሬዲዮውን ይዞ ሲጠብቅ ውሏል።

"ሊድያ፣ ያ ድልድዩ ላይ የሚጯጯሁት..."

"አቤት፣ አባባ።"

"በሬዲዮ ያልሽው እውነት ነው? ስለ ጃንጥላ ነው?"

"እውነት ነው። ጃንጥላውን ባቡሩ ውስጥ ማን ረሳው ብለው ነው የሚጣሉት።"

አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው። እስኪያስለው፣ እናቴ ከጀርባ "ምን ሆንህ?" እስክትለው ድረስ ሳቀ።

"ጃንጥላ!" አለ ትንፋሹን ሲያገኝ። "ወይኔ፣ ወለተ ሥላሴ ይህን ሳትሰማ መሞቷ!"